ልጅዎ በጨዋታ ሲሸነፍ

በሻባት ከሰዓት በኋላ ልጆች ተሰብስበው ታኪ ወይም መሰላልና እባብ ሲጫወቱ ስንት ጊዜ ነው ጨዋታው በለቅሶ የሚያልቀው? አንዱ ካርታውን ይበትናል፣ ሌላው «አጭበረበርክ!» ብሎ ወንድሙን ይመታል፣ ሦስተኛዋ «ሁለተኛ አልጫወትም» ብላ በር ዘግታ ትገባለች። ብዙዎቻችን ይህን እንደ ቅብጠት እናየውና እንቆጣለን። ነገር ግን ሽንፈትን መቻል ያልተማረ ልጅ ውሎ አድሮ መሞከሩንም ይተዋል። ከኳስ ቡድኑ ይወጣል፣ ክፍል ውስጥ መልሱን እያወቀ እጁን አያወጣም፣ ከባድ የመሰለውን ትምህርት ገና ሳይጀምረው «አልወደውም» ይላል።

የ4 እና የ5 ዓመት ልጅ «ጨዋታውን ተሸነፍኩ» የሚለውንና «እኔ አልረባም» የሚለውን ለይቶ አያይም። ቁጣውን የሚገታው የአንጎሉ ክፍልም ገና በማደግ ላይ ነው፤ እድገቱ የሚጠናቀቀው በሃያዎቹ ዕድሜ ውስጥ ነው። ስለዚህ በዚህ ዕድሜ ማልቀሱ በሽታም ብልግናም አይደለም። ወደ 7 እና 8 ዓመት ሲጠጋ ዕድልና ችሎታ የተለያዩ መሆናቸውን እየተረዳ ይሄዳል። በመሰላልና እባብ የሚወስነው የምትወረወረው ኩቢያ ናት፤ በገበጣ ግን ጠጠሩን የቆጠረ ይረታል። ይህን ልዩነት በጨዋታው መካከል ቀስ ብላችሁ ብታሳዩት «ለምን ተሸነፍኩ?» ለሚለው ጥያቄ «ደደብ ስለሆንኩ» ከማለት የተሻለ መልስ ያገኛል።

በዚህ ነገር የእኛ አባቶችና እናቶች ባዶ እጃቸውን አልመጡም። እንቆቅልሽን አስታውሱ። «እንቆቅልሽ» ሲባል «ምናውቅልሽ» ይባላል፤ መልሱ የጠፋው ሰው ደግሞ አገር ይሰጣል። «ጎንደርን ሰጠሁህ» ይላል። አሸናፊው አገሩ ካላማረው «አልፈልግም፣ ሌላ ጨምር» ይላል፤ ካማረው ደግሞ እዚያ ገብቶ እንዴት እንደበላና እንደጠጣ፣ ተሸናፊውን እንዴት ከደጅ እንዳስቀረው እያጋነነ ያወራል። ሁሉም ይስቃል፣ ተሸናፊውም አብሮ ይስቃል። ከዚያ መልሱ ይነገራል፣ ሌላ እንቆቅልሽ ይቀጥላል። ይህን ጨዋታ ማንም የስነ ልቦና ባለሙያ አላወጣውም፤ ነገር ግን የሽንፈት ዋጋው አስቀድሞ የታወቀ ነው፣ ቶሎ ያልቃል፣ ተራም ይዞራል። ልጅ የሚያስፈልገው ይኸው ነው። አያቶች ከልጅ ልጆቻችሁ ጋር ብትጫወቱት ጥሩ ነው። አማርኛው ቢያጥራቸው በዕብራይስጥ ይመልሱ፤ እናንተ አምቦበርን ስትሰጡ እነሱ ኢላትን ይስጡ። ጋን ያቭኔን ግን እንዲህ በቀላሉ አይሰጧችሁም! ቀልዱ በልጁ መልክ ወይም በትምህርቱ ላይ እንዳይሆን ብቻ ጠንቀቅ በሉ።

«ታዲያ እንዲያሸንፍ ብለን እያወቅን ብንሸነፍለትስ?» የሚሉ ወላጆች አሉ። ለ3 ዓመት ሕፃን አንዳንዴ ምንም አይልም። ከፍ ሲል ግን ልጅ ያውቅብናል፤ አውቀን እንደለቀቅንለት ከገባው ድሉም ድል አይሆንለትም። ይልቅ እርዳታውን በግልጽ ስጡት፦ በገበጣ ጥቂት ጠጠር ይጨመርለት፣ በሩጫ አሥር እርምጃ ቀድሞ ይነሳ። ሲጎለብት እርዳታውን እየቀነሳችሁ ሂዱ። ከመጀመራችሁ በፊትም «ዛሬ ከእኛ አንዱ ይሸነፋል፤ የተሸነፈ ምን ያደርጋል?» ብላችሁ ተስማሙ። እጅ መጨበጥና «ኮል ሃካቮድ» ማለት ይበቃል። አሸናፊም ደንብ አለው፤ መፎከሩ አንድ ጊዜ ይበቃዋል።

ልጁ እያለቀሰ ሳለ ምክር አይሰማም። «ጨዋታ እኮ ነው!» አትበሉት፣ ለእሱ ጨዋታ ብቻ አይደለምና። «ወንድ ልጅ አያለቅስም» ወይም «እህትህን እያት» ማለትም ቁስሉን ያብሳል። «ተናደድክ አይደል? ልታሸንፍ ፈልገህ ነበር» በሉትና ውኃ ስጡት፣ አጠገቡ ተቀመጡ። ከመታ ግን «መናደድ ይቻላል፣ መምታት አይቻልም» ብላችሁ እጁን ያዙት። ጨዋታው እንዴት እንደሄደ የምታወሩት ልቡ ከረጋ በኋላ ነው። ደግሞም ልጆች የሚማሩት ከምክራችን ይልቅ ከእኛው ነው። አባት ቡድኑ ሲሸነፍ ቴሌቪዥኑ ላይ የሚጮህ ከሆነ፣ እናት ከሜዳው ዳር ዳኛውን የምትሰድብ ከሆነ፣ ልጁ ትምህርቱን ወስዷል።

ለትላልቆቹ ልጆች የማሩ ተፈሪን ታሪክ ንገሯቸው። ኢትዮጵያ ተወልዶ ለእስራኤል የሚሮጠው ማሩ በኦገስት 2022 በሙኒክ በተደረገው የአውሮፓ ሻምፒዮና 42 ኪሎ ሜትሩን ሊጨርስ ጥቂት ሲቀረው ጀርመናዊው ሪቻርድ ሪንገር አለፈው። ሪንገር በ2:10:21 ገባ፣ ማሩ በ2:10:23፤ ልዩነቱ 2 ሰከንድ ብቻ ነበር። በዚያው ዓመት በዲሴምበር ማሩ ጃፓን ሄዶ የፉኩኦካን ማራቶን በ2:06:43 አሸነፈ፤ በ2023 ደግሞ በቡዳፔስት የዓለም ሻምፒዮና ሁለተኛ ወጣ። ልጆች ሜዳሊያውን ሰምተው ይሆናል፤ እነዚያን 2 ሰከንዶች ግን ማን ይነግራቸዋል?

አንድ ነገር ሳንለይ እንዳናልፍ። ልጁ ከሜዳ ወይም ከትምህርት ቤት አልቅሶ ሲመጣ ምን እንደተባለ ጠይቁት። በቀለሙ ተሰድቦ ወይም ሆን ተብሎ ከጨዋታ ተገልሎ ከሆነ ይህ ሽንፈት አይደለም፣ «ቻለው» ልንለውም አይገባም። ቀኑን፣ ቦታውንና የተባለውን ጻፉና ወደ አስተማሪው ወይም ወደ አሰልጣኙ ሂዱ።

ከ8 ወይም 9 ዓመት በላይ ሆኖ በተሸነፈ ቁጥር የሚማታ፣ እቃ የሚሰብር፣ ቁጣው ለሰዓታት የማይበርድለት ልጅ ካለ፣ ወይም «እኔ ለምንም አልረባም» እያለ እንቅልፍና ምግብ ከቀነሰ፣ የትምህርት ቤቱን ዮኤጼት ወይም በኩፓት ሆሊም የልጆች ሐኪሙን አነጋግሩ። «ብሞት ይሻለኛል» የሚል ቃል ከሰማችሁ ግን የልጅ ንግግር ነው ብላችሁ አትለፉት፤ ልጁን ብቻውን ሳትተዉ በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ ውሰዱት። ቀጠሮ ስትይዙ በአማርኛ የሚያስተረጉም ሰው እንዲገኝ ጠይቁ፤ ልጁ ራሱ ስለራሱ እንዲያስተረጉም አታድርጉ።