ዐይንን ከትራኮማ መጠበቅ፦ የሰበካ ጉባኤያት ድርሻ

በ1998 ዓ.ም. በተካሄደው አገር አቀፍ ጥናት፣ በአማራ ክልል ዕድሜያቸው ከ1 እስከ 9 ዓመት ከሆኑ ከ100 ሕፃናት ከ60 በላይ የሚሆኑት ንቁ ትራኮማ ተገኝቶባቸው ነበር። ሕመሙ በእጅ፣ በጨርቅና በዝንብ ከሕፃን ወደ ሕፃን፣ ከሕፃንም ወደ እናት ይተላለፋል። እየተመላለሰ ሲይዝ የዐይን ቆብን ያጠባል፤ ሽፋሽፍቱ ወደ ውስጥ ታጥፎ ብሌኑን እየፋቀ ብርሃን ያሳጣል።

ብዙዎች ሽፋሽፍቱን በወረንጦ ይነቅላሉ። ለጊዜው ያሳርፋል፤ ፀጉሩ ግን መልሶ ይበቅላል፣ ሕክምናውም ይዘገያል። የጠፋ ብርሃን አይመለስምና መዘግየቱ ብርቱ ጉዳት ነው።

መከላከያው አራት ነው፦ የቆብ ቀዶ ሕክምና፣ አዚትሮማይሲን መድኃኒት፣ የፊት ንጽሕና፣ የአካባቢ ንጽሕና። እንደ ኮሶዬ ባሉ ደጋማ አጥቢያዎች የማለዳው ብርድ ጽኑ ስለሆነ የሕፃናት ፊት ሳይታጠብ እንዳይውል ደጋግሞ ማስተማር ይገባል።

ስለዚህ አባቶች ከቅዳሴ በኋላ ሦስት ነገር እንድታስተምሩ እንማጸናለን፦ ቀዶ ሕክምናው አጭር እንደሆነና ዐይንን እንደማያወጣ፤ ጠበልና ሕክምና እንደማይጣሉ፤ በእደላ ዕለት መድኃኒቱን ካህናት ቀድመው እንደሚወስዱ። ሰበካ ጉባኤውም ወረንጦ የያዙትን በየሰንበቴው ለይቶ፣ አጃቢ መድቦ ወደ ጤና ጣቢያ ያድርስ።