ጎጥ በጎጥ፦ ክትባት ያልደረሳቸውን ሕፃናት ከመዝገብ መፈለግ

የጤና ኬላው ግድግዳ ላይ የተለጠፈው የክትባት መቶኛ ደስ ይላል። ጉዳቱም እዚያው ነው፤ አንድ ቁጥር ቀበሌውን በሙሉ ይሸፍናል። በ2008 ዓ.ም. የተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ በአገሪቱ ከ100 ወሊድ 26ቱ በጤና ተቋም እንደነበር አሳየ። ሲከፈል ግን ከተማ 79፣ ገጠር 20 ሆነ። አሜሪካኖች ቁጥራቸውን በዘር ከፍለው፣ ጥቁር እናቶች ከወሊድ ጋር በተያያዘ የሚሞቱት የነጮቹን ሦስት እጥፍ ገደማ መሆኑን አይተዋል። በፋርጣ ወይም በላይ ጋይንት ግን ሰውን ከጤና ኬላ የሚያርቀው መንገዱ፣ ወንዙና ኑሮው ነው። ስለዚህ በጎጥ እንከፍላለን። ለሁለት የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች የአንድ ቀን ተኩል ሥራ ነው።

የሚያስፈልጉ፦ የቤተሰብ ማህደር፣ የክትባት መዝገብ፣ አንድ ትልቅ ወረቀት፣ ቀይና ሰማያዊ ማርከር፣ እርሳስ፣ ማስመሪያ። ለሒሳቡ የስልካችሁ ካልኩሌተር ይበቃል።

1. ካርታ ሳሉ። ጤና ኬላውን መሃል አድርጉና ጎጦቹን በስማቸው ጻፉ። ወንዞቹን አትርሱ፤ ከጉና የሚወርደው ውሃ ርብንና ጉማራን ሲሞላ፣ በጋ ላይ የግማሽ ሰዓት የነበረው መንገድ ነሐሴ ላይ ላይታለፍ ይችላል። ርቀቱን በእግር ሰዓት ጻፉ። የምትለኩት በአራስ እርምጃ ነው፤ በእናንተ አይደለም።

2. አራት ወር የሞላቸውንና ዓመት ያልደፈኑትን ሕፃናት ከቤተሰብ ማህደሩ አውጥታችሁ ዘርዝሩ። ከክትባት መዝገቡ አትጀምሩ። መዝገቡ የሚያውቀው የመጣውን ብቻ ነው፤ የምትፈልጉት ልጅ እዚያ የለም።

3. ከስሙ ጎን አምስት ዓምድ አስምሩ፦ ጎጥ፣ ጾታ፣ የእግር ሰዓት፣ የቤቱ ኑሮ፣ ወደ ቆላ ለሥራ የሚሄድ ሰው መኖሩ። ኑሮውን ጠይቁ፣ ዘሩን አትጠይቁ። ሸክላ ሠሪውና ቀጥቃጩ በ«ቡዳ» ስም ስንት ዘመን እንደተገፋ ታውቃላችሁ። ይህን ወረቀት ግድግዳ ላይ እንዳትለጥፉ፤ መሳቢያ ውስጥ ቆልፉበት።

የመጨረሻው ዓምድ ትርፍ እንዳይመስላችሁ። በ1997 ዓ.ም. ሊቦ ከምከም ላይ ካላዛር ሲገኝ፣ ደጋ ነው ተብሎ በሽታው ያልተጠበቀበት አገር ነበር፤ ሕሙማኑ መጀመሪያ ላይ በወባ ተጠርጥረው ነበር። ወደ መተማና ሁመራ ለቀን ሥራ ወርደው የተመለሱ ሰዎች በሽታውን ሳያመጡት እንዳልቀሩ ይታመናል። «የት ከርመህ መጣህ?» የሚለው ጥያቄ የምርመራው ግማሽ ነው።

4. አሁን የክትባት መዝገቡን ክፈቱ። ፔንታ 1 ለወሰደ አንድ ሰማያዊ፣ ፔንታ 3 ለጨረሰ ሁለተኛ ሰማያዊ፣ ምንም ላልወሰደ ቀይ ምልክት አድርጉ።

5. ለየጎጡ አስሉ። ቀበሌው 50 ሕፃናት አሉት እንበል፤ 40ዎቹ ፔንታ 3 ጨርሰዋል፤ 80 በመቶ። ከጤና ኬላው ሥር ባለው ጎጥ ከ30 ሕፃናት 29ኙ ጨርሰው ከሆነ፣ ከወንዙ ማዶ ከ20 የጨረሱት 11 ብቻ ናቸው። ማዶው 55 በመቶ ነው ማለት ነው። ጎጡ ውስጥ ከ10 ሕፃናት በታች ካሉ መቶኛውን ተዉት፤ ቁጥሩን እንዳለ ጻፉ።

6. ያቋረጡትን ለዩ። ፔንታ 1 ወስደው ፔንታ 3 ያልወሰዱትን ቁጠሩ፣ ፔንታ 1 ለወሰዱት ብዛት አካፍሉ፣ በ100 አባዙ። ከ10 በላይ ከወጣ እናቶቹ መጥተው ነበር፤ ያልመለሳቸው ቀጠሮው ወይም አቀባበሉ ሊሆን ይችላል። ቀይ የበዛበት ጎጥ ግን ጭራሹን አልተደረሰበትም። ሁለቱን አታደባልቁ።

7. ወንድና ሴት ሕፃናትን አስተያዩ። የመጀመሪያው ፔንታ በ45 ቀን ነው። ወንዱ በ40 ቀን ክርስትና ተነሥቷል፤ ሴቷ ግን እስከ 80 ትጠብቃለች። ክርስትና ያልተነሣ ሕፃን ይዛ መውጣት የማትወድ እናት አለች። ሴቶቹ ዘግይተው ካገኛችኋቸው መጀመሪያ ይህን ጠይቁ፤ የቄሱ አንድ ቃል ከአሥር ቅስቀሳ ይበልጣል።

8. ቀይ የበዛበት ጎጥ ሂዱና ሦስት ቤት ግቡ። «ለምን አላስከተባችሁም?» አትበሉ፤ ክስ ይመስላል። «ባለፈው የክትባት ቀን የት ነበራችሁ?» በሉ። ገበያ፣ አጨዳ፣ የሞላ ወንዝ፣ ወይም እናቲቱ ያን ዕለት የሰማችው ክፉ ቃል ይወጣል። መልሱን በራሷ አነጋገር ጻፉ።

9. የክትባት ቀኑን ወደ ጎጡ ውሰዱ። በ12 ሚካኤል፣ በ21 ማርያም ሰው ከሥራ ያርፋል፤ ከቅዳሴ መልስ ታገኙታላችሁ። አይስ ፓኩን ከፍሪዘር እንዳወጣችሁ ካሪየሩ ውስጥ አትክተቱ። ላብ እስኪያወጣ ጠብቁ፣ ጆሯችሁ ሥር ነቅንቁት፤ ውስጡ ውሃ ሲንቦጫረቅ ከተሰማ ደርሷል። ፔንታ በረዶ ከነካው ተበላሽቷል፤ አትስጡት።

10. የተከተበውን ልጅ ካርድ ቲክለር ቦክሱ ውስጥ፣ የቀጣዩ ቀጠሮ ወር ክፍል ላይ አስገቡ።

11. በሦስተኛው ወር ያንኑ ወረቀት ከመሳቢያ አውጡ። የተከተበውን በቀዩ ላይ በሰማያዊ ደርቡበት። ቀይ ሆነው የቀሩትን ቤቶች ከነምክንያታቸው ጽፋችሁ ለጤና ጣቢያው ባለሙያ በእጁ ስጡ፤ ዝርዝሩን በቀጣዩ ጉዞም ይዛችሁት ውጡ።