ስለ ኑዛዜ፤ ለደብር ዐፀድ የሚተው ሀብት

ኑዛዜ የሚለው ቃል በቋንቋችን ሁለት ፍች አለው። አንደኛው ሰው ኃጢአቱን ለንስሐ አባቱ የሚናገርበት ነው፤ ሁለተኛውም ከሞቱ በኋላ ሀብቱ ለማንና ለምን እንዲውል የሚያዝበት ነው። በአንደኛው ያለፈውን ያስተካክላል፤ በሁለተኛው የሚመጣውን ያዘጋጃል። ዛሬ የምንጽፈው ስለ ሁለተኛው ነው፤ ይኸውም ምእመን ከሀብቱ ከፍሎ ለደብሩ ዐፀድ፥ በቅጽሩ ውስጥና ዙሪያ ላለው ደን መጠበቂያ፥ ሊተው እንደሚገባው ለማስረዳት ነው።

ንጉሥ ዳዊት ቤተ መቅደሱን ይሠራ ዘንድ አልተፈቀደለትም። ነገር ግን የማላየው ቤት ምኔ ነው ብሎ እጁን አላጠፈም። ወርቁንና ብሩን፥ ናሱንና ብረቱን፥ የዝግባውንም እንጨት አከማችቶ፥ የሥራውን ምሳሌ ለልጁ ለሰሎሞን ሰጥቶ ዐረፈ። ሀብቱን ብቻ ሳይሆን ምን እንዲሠራበትም ለይቶ መተዉን ልብ እንበል።

በደቡብ ጎንደር ከኮረብታ ላይ ሆኖ የሚመለከት ሰው፥ በታረሰው ምድር መካከል እዚህና እዚያ ክብ ክብ የሆነ ደን ያያል፤ በየመካከሉም ቤተ ክርስቲያን አለ። የቀረው ደን ለእርሻ፥ ለግጦሽና ለማገዶ ሲመነጠር አባቶቻችን ጠብቀው ያቈዩት ይህን ነው። ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ ባደረጉት ጥናት፥ በ28 አብያተ ክርስቲያናት ዐፀድ ብቻ 168 ዓይነት ዛፍ፥ ቍጥቋጦና ሐረግ ተቈጥሯል።

የዐፀዱ ጥቅም ጥላ ብቻ አይደለም። ዛፍ ከአየር የወሰደውን ካርቦን በግንዱና በሥሩ ያከማቻል፤ ተቈርጦ ሲነድ ግን ያው ወደ አየር ተመልሶ የምድርን ሙቀት ከሚጨምረው ጋር ይደመራል። ደግሞም ሥሩና የረገፈው ቅጠል የዝናሙን ውሃ ወደ መሬት ያሰርጋሉ፤ አፈሩ እንዳይታጠብ፥ ምንጩም ፈጥኖ እንዳይነጥፍ ይረዳሉ። ዝናም ጊዜውን በሚያዛባበት በዛሬው ዘመን ይህ ለአጥቢያው ገበሬ የኑሮ ጉዳይ ነው።

ዐፀድ የሚጠፋው በምሳር ብቻ አይደለም። ከብት ገብቶ ቡቃያውን ሲበላና ሲረግጥ፥ ያረጀው ዛፍ ተተኪ ያጣል፤ ከሩቅ ሲያዩት ደን ነው፥ ቀርበው ሲያዩት ግን ልጅ የሌለው ቤት ነው። ስለዚህ በደቡብ ጎንደር አንዳንድ አጥቢያዎች ምእመናን ከየእርሻቸው ድንጋይ ለቅመው በዐፀዱ ዙሪያ ካብ ክበዋል። ከብቱ ተከለከለ፥ እርሻውም ከድንጋይ ጸዳ። ይሁን እንጂ ለካቡ ሠሪ፥ ለችግኙና ለጠባቂው ገንዘብ ያስፈልጋል።

ብዙ ሰው ስለ ነፍሱ ሲያስብ ተዝካሩን ያስባል። ጸሎቱና ለነዳያን የሚሰጠው አይቅር እንላለን፤ ነገር ግን ለድግሱ ትርፍ ከሚወጣው ጥቂቱ ለዐፀዱ ቢተው፥ ድግሱ በአንድ ቀን ሲያልቅ ካቡ ለልጅ ልጅ ይቈያል።

እንግዲህ ለመናዘዝ የሚያስብ ሰው እነዚህን ያስተውል፤

ሀ፤ አስቀድሞ ዕዳውን ያስብ፥ ልጆቹንም አያስርብ። ቤተ ሰብን አስለቅሶ የሚሰጥ ስጦታ ምጽዋት አይባልም።

ለ፤ በ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ስለ ሆነ፥ የሚናዘዘው ገንዘቡን፥ ቤቱን ወይም በድካሙ ያፈራውን ንብረት ይሁን።

ሐ፤ በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ መሠረት፥ በግልጽ የሚደረግ ኑዛዜ ተጽፎ በተናዛዡና በአራት ምስክሮች ፊት ይነበባል፤ ይህም መፈጸሙና ቀኑ ተጽፎበት ሁሉም ወዲያው ይፈርማሉ። ተናዛዡ ሁሉን በእጁ የጻፈው ኑዛዜ ደግሞ በ7 ዓመት ውስጥ በፍርድ ቤት መዝገብ ወይም በውል አዋዋይ ዘንድ ካልተቀመጠ ይፈርሳል። የቃል ኑዛዜ ሁለት ምስክሮች ከመፈለጉም በላይ ለጥቂት ነገር ብቻ የተወሰነ ነው። በሞት አልጋ ላይ ለንስሐ አባት በጆሮ የተነገረ በጎ ሐሳብ፥ ከቀብር በኋላ የወንድማማች ጠብ ሲሆን ብዙ ጊዜ አይተናል።

መ፤ «ለቤተ ክርስቲያን ይሁን» ብቻ አይበል። የደብሩን ስም፥ የገንዘቡን ልክና ሥራውን ለይቶ ይጻፍ፤ ለካብ ነው ወይስ ለችግኝ? ችግኝም ከሆነ ጽድ፥ ወይራ፥ ኮሶና ዝግባ እንጂ ባሕር ዛፍ እንዳይሆን ይናገር። ለሰበካ ጉባኤውም በሕይወቱ ሳለ ያስታውቅ።

ምእመናን ሆይ፤ ዛሬ በጥላው ሥር ቆመን የምናስቀድስበትን ዛፍ የተከለው ወይም የጠበቀው ሰው እኛን አላየንም። እኛም የማናያቸው ልጆች ይመጣሉ። ስለዚህ ጤናችንና አእምሯችን ሳለ፥ ምላሳችን ሳይታሰር፥ ኑዛዜያችንን በጽሑፍ እናኑር።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።