መቂ ላይ የሚግል ላፕቶፕ፦ ሙቀቱ የት ላይ ታገደ?

ባለፈው ሚያዝያ ለበዓል መቂ ወደሚገኘው የእህቴ ቤት በሄድሁበት ጊዜ ቤተሰቡ በአንድ ላፕቶፕ ምክንያት ተኳርፎ አገኘሁት። የኪነ ሕንፃ ተማሪ የሆነው የእህቴ ልጅ ከባድ የንድፍ ፕሮግራሞችን ይሸከምልኛል በማለት የጌም ላፕቶፕ አባቱን አስገዝቷል። አባቱ ሽንኩርት አምራች ነው፤ ገንዘቡም የአንድ መልካም የምርት ወቅት ትርፍ ነበር። አሁን ግን ላፕቶፑ በተከፈተ በሃያ ደቂቃ ውስጥ እንደ ወፍጮ ይጮኻል፣ ይንቀራፈፋል፣ በመጨረሻም ራሱን ያጠፋል። አንድ ጠጋኝ «ማዘርቦርዱ ተቃጥሏል» ብሎ ፈርዶበታል። አባት «ጌም ነው ያቃጠለው፤ ሳይረክስ ይሸጥ» ይላል፤ ልጁ ደግሞ የመመረቂያ ሥራውን የሚጨርስበት ሌላ መሣሪያ የለውም። «እስቲ ዶክተር፣ አንተ ፍረድ» ተባልሁ። ከመፍረዴ በፊት ግን መለካት ነበረብኝ።

በቅድሚያ አንድ ነገር ግልጽ ይሁን። ላፕቶፕ ከሶኬት የሚወስደው ኢነርጂ፣ ባትሪው ውስጥ ከሚጠራቀመው በስተቀር፣ ከሞላ ጎደል ሁሉም ወደ ሙቀት ይለወጣል። ጌም በሚጫወትበት ጊዜ 120 ዋት የሚፈጅ ላፕቶፕ ሁለት የ60 ዋት አምፖሎችን በአንድ መጽሐፍ ውፍረት ሣጥን ውስጥ እንደ መዝጋት ነው። ሙቀቱ እንዳይፈጠር ማድረግ አንችልም፤ የምንችለው መውጫ መንገድ መስጠት ነው።

የመንገዱ መነሻ ከጥፍር ብዙም የማይበልጠው የፕሮሰሰሩ የሲሊኮን ገጽ ነው። ከዚያ ሙቀቱ ተርማል ፔስት በሚባለው ስስ ቅባት በኩል ወደ መዳብ ይሻገራል። ቅባቱ ያስፈለገው ሁለት ጠጣር ነገሮች የቱንም ያህል ቢለሰልሱ በመካከላቸው አየር ስለሚቀር ነው፤ አየር ደግሞ ሙቀትን በማስተላለፍ ረገድ ከመዳብ ከ15,000 ጊዜ በላይ የደከመ ነው። ከመዳቡ ቀጥሎ ያለው ክፍል እኔን ሁልጊዜ ያስደንቀኛል። በአብዛኛው ጥቂት ውኃ የያዘና አየሩ የተመጠጠ የመዳብ ቱቦ ነው። በሞቀው ጫፍ ውኃው ይተንናል፣ በቀዘቀዘው ጫፍ ጠብታ ይሆናል፣ ጠብታውም የኩራዝ ክር ጋዝን ሽቅብ በሚስብበት ዘዴ በቱቦው ግድግዳ ላይ ባለ መጣጭ ሽፋን ተስቦ ይመለሳል። አረቄ ሲወጣ ያየ ሰው የነገሩን እኩሌታ ያውቀዋል። ጆርጅ ግሮቨር በሎስ አላሞስ እ.ኤ.አ. በ1963 ይህን ቱቦ ሲሠራ ዓላማው ላፕቶፕ አልነበረም፤ ታስቦ የነበረው ለጠፈር የኢነርጂ ምንጮች ነው። ቱቦው ሙቀቱን ወደ ስስ የብረት ክንፎች ያደርሳል፤ ማራገቢያው በክንፎቹ መካከል አየር እየነዳ ሙቀቱን ወደ ውጭ ያስወጣዋል።

የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ይህን መንገድ በተከታታይ እንደተቀጠሉ የኤሌክትሪክ ሬዚስታንሶች አድርጎ ሊያየው ይችላል። ዝምድናውም ታሪካዊ ነው፤ ኦም እ.ኤ.አ. በ1827 ሕጉን ያሳተመው ፉሪዬ በ1822 ስለ ሙቀት ፍሰት ያወጣውን ሥራ ተከትሎ ነው። በዋት የሚለካው የሙቀት ፍሰት በኮረንቲ ቦታ፣ የመጠነ ሙቀት ልዩነት በቮልቴጅ ቦታ ይቆማል። ፕሮሰሰሩ 45 ዋት እያመነጨ 95 ዲግሪ ቢደርስና ክፍሉ 30 ዲግሪ ቢሆን፣ 65ን ለ45 ስናካፍል ጠቅላላው ተቃውሞ ለአንድ ዋት 1.4 ዲግሪ ያህል ይሆናል። ዋናው ቁም ነገር ይህ ድምር ከየትኛው የመንገዱ ክፍል እንደመጣ ማወቅ ነው። ብዙ ሰው ይህን ሳይጠይቅ ፔስት ይለውጣል።

መቂ በዚህ ስሌት ውስጥ የራሷ ድርሻ አላት። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,600 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ አየሯ የሳሳ ነው። በ30 ዲግሪ የአንድ ሜትር ኩብ አየር ክብደት በባሕር ወለል 1.16 ኪሎ ግራም ሲሆን እዚህ 0.96 ያህል ብቻ ነው። 120 ዋት ሙቀት ይዞ የሚወጣው አየር በ20 ዲግሪ ብቻ እንዲሞቅ ብንፈልግ በየሰከንዱ 6 ግራም አየር ማለፍ አለበት። ይህ በባሕር ወለል 5.1 ሊትር ሲሆን በመቂ 6.2 ሊትር ነው። ማራገቢያው ከአንድ አምስተኛ በላይ ተጨማሪ አየር መንዳት ይጠበቅበታል ማለት ነው። «ታዲያ አዲስ አበባ ይብስ ይሆናላ?» የሚል አንባቢ አይጠፋም። አየሯ ከመቂም የሳሳ መሆኑ እውነት ነው፤ ሆኖም ክፍሉ በ8 ዲግሪ ከቀዘቀዘ ያ ቅናሽ በቀጥታ ከፕሮሰሰሩ ላይ ይነሳል፣ የመሳሳቱ ጉዳት ግን በዚያ መካከል ጥቂት ዲግሪ ቢሆን ነው። መቂን የሚጎዳት የሦስት ነገሮች መደራረብ ነው፦ ሳሳ ያለ አየር፣ የበጋ ሙቀትና አቧራ። የስምጥ ሸለቆው አፈር ከእሳተ ገሞራ አመድና ከጥንት የሐይቅ ደለል የመጣ በመሆኑ እንደ ዱቄት የላመ ነው፤ ከሞጆ ወደ ሀዋሳ የሚወስደውን መንገድ በየካቲት የተጓዘ ሰው ልብሱ ይመሰክርለታል።

ወደ ልኬቱ እንመለስ። ክፍሉ 31 ዲግሪ ነበር። ጌሙ ተከፍቶ አሥር ደቂቃ ሲሆነው ፕሮሰሰሩ 98 ደረሰ፤ ፍጥነቱም ከ3.8 ወደ 1.5 ጊጋኸርዝ ወረደ። ይህ ብልሽት አይደለም። ብዙዎቹ ፕሮሰሰሮች 100 ዲግሪ አካባቢ ሲደርሱ ራሳቸውን ለማዳን ፍጥነታቸውን ይቀንሳሉ፤ ይህም ካላዋጣ ይጠፋሉ። ጠጋኙ «ተቃጥሏል» ያለው ማሽን እንዳይቃጠል ሲከላከል የነበረ ማሽን ነው። ከመውጫው የሚተነፍሰውን አየር ስለካ 72 ዲግሪ ሆነ፣ ትንፋሹ ግን እጅግ የደከመ ነበር። ፍርዱን የሰጠኝ ይህ ቁጥር ነው። የሚወጣው አየር ቀዝቃዛ ቢሆን ኖሮ ሙቀቱ ክንፎቹ ጋ ሳይደርስ ከፔስቱ ወይም ከቱቦው ዘንድ ታግዷል እንል ነበር። አየሩ ከክፍሉ በ41 ዲግሪ መሞቁ ግን ሙቀቱ ክንፎቹ ጋ መድረሱን፣ የሚያልፈው አየር ግን ከሚገባው ከግማሽ በታች መሆኑን ያሳያል።

የታችኛውን ክዳን ስንከፍተው በማራገቢያውና በክንፎቹ መካከል ባና የመሰለ የአቧራ ንጣፍ ተጋድሞ ነበር።

ልጁ ወደ ጎሚስታ ወስዶ በኮምፕሬሰር ለማስነፋት ተነስቶ ነበር፤ ከለከልሁት። የጎሚስታ አየር ብዙ ጊዜ ውኃና ዘይት ይዞ ይወጣል። በተጨማሪም ማራገቢያውን ከተሠራበት ፍጥነት በላይ በማሽከርከር መሽከርከሪያውን ይጎዳል፣ ሞተሩንም ለቅጽበት ጀነሬተር ያደርገዋል። የባትሪውን ማያያዣ ነቅለን፣ ማራገቢያውን በስንጥር አስረን፣ በለስላሳ ደረቅ ብሩሽ አጸዳነው። ከዚህ በፊት እርጥብ ጨርቅ ከሥሩ ማንጠፉን፣ አንድ ጊዜም ፍሪጅ ውስጥ መክተቱን ሲነግረኝ ደነገጥሁ። ከፍሪጅ የወጣ ዕቃ ላይ ጤዛ ይቋጥራል፤ የውኃ ጠርሙስ ላይ የምናየው ጠብታ በኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ ላይ ሲያርፍ እውነተኛውን ቃጠሎ ያመጣል። እህቴ ደግሞ ቴሌቪዥኑን እንደምታለብስ ሁሉ ይህንንም ሳይጠፋ በዳንቴል ትሸፍነው ነበር። ስለዚህ ጉዳይ የተናገርሁት በጣም በጥንቃቄ ነው።

ከጽዳቱ በኋላ በዚያው ጌም ፕሮሰሰሩ 88፣ የሚወጣው አየር 54 ሆነ፤ ፍጥነቱም አልወረደም። ፔስቱን አልነካነውም። በፕሮሰሰሩና በሚወጣው አየር መካከል የቀረው 34 ዲግሪ ለእንዲህ ያለ ማሽን የሚያሳስብ ስላልሆነ ጤነኛውን መንካት አልፈለግሁም። የቀረውን ያተረፍነው ከምንጩ ነው። የፕሮሰሰር ፍጆታ ከድግግሞሹና ከቮልቴጁ ካሬ ጋር ስለሚያድግ ሁለቱንም በ10 በመቶ ብንቀንስ 0.9 ሦስት ጊዜ በራሱ ሲባዛ 0.73 ይሆናል፤ አሥር በመቶ ፍጥነት ሰጥተን ሃያ ሰባት በመቶ ሙቀት አስቀረን ማለት ነው። በማሽኑ ቅንብር ውስጥ ከፍተኛውን ፍጥነት ጥቂት ዝቅ ስናደርግ ፕሮሰሰሩ 79 ላይ ረጋ። ከኋላ እግሮቹ ሥር ቆርኪ ደራርበን ከጠረጴዛው ከፍ አደረግነው። በአልጋና በጋቢ ላይ እንዳይቀመጥም ተስማማን፤ ብዙዎቹ ማሽኖች አየር የሚስቡት ከሆዳቸው ነውና። ባትሪውንም አየሁት፤ ደህና ነበር። ያበጠ የሊቲየም ባትሪ ቢሆን ኖሮ ሊቀጣጠል ስለሚችል ምንም ሳንሞክር ቻርጅ ማድረጉን አቁመን ወደ ባለሙያ በወሰድነው ነበር።

አባትየው ከአጠገባችን ቆሞ ሲመለከት ቆየና ብሩሹን ከእጄ ተቀበለኝ። «ይኼማ የውኃ መሳቢያው ሞተር ነው» አለ። ትንሿ የቤንዚን ሞተሩ የምትቀዘቅዘው በሲሊንደሯ ዙሪያ ባሉት ክንፎች መሆኑን፣ በጭቃና በገለባ ሲደፈኑ እንደምትቆምበት፣ በየሳምንቱ እንደሚቦርሻት ነገረን። እኔ በግማሽ ሰዓት ያስረዳሁትን እሱ ከእርሻው ያውቀው ኖሯል። ይሁን እንጂ ክሱን አላነሳም፤ «ጌሙስ?» አለኝ። ለፕሮሰሰሩ ጌምም ሆነ የሕንፃ ንድፍ ያው ስሌት እንደሆነ፣ እንዲያውም የሕንፃን ሙሉ ምስል ማስላት ለብዙ ሰዓት ያለ እረፍት ስለሚያሠራው ከጌም ሊብስ እንደሚችል ነገርሁት። ማታውን ልጁ ያንኑ ስሌት አስጀመረና ተራ በተራ እየነቃን አየነው። ሲነጋ ስሌቱ ገና አላለቀም ነበር፤ ፕሮሰሰሩ 77 ዲግሪ ላይ ነበር።