ትኩሳቱ እስኪነጋ አይጠበቅም፤ በደም ካንሰር የታመመ ወላጅን ስለማስታመም



ለወላጅ በጎ መዋል አላህን ከመገዛት ጋር ተያይዞ የታዘዘ ታላቅ ግዴታ ነው። ይህን የማያውቅ ሙስሊም አለ ለማለት ያስቸግራል። ይሁን እንጂ ግዴታው በተግባር የሚጠይቀው ነገር እንደ ወላጁ ሁኔታ ይለያያል። ዐይናቸው የደከመ አባት እጃቸውን ይዞ መስጊድ የሚያደርሳቸው ይሻሉ። ጉልበታቸው የዛለ እናት ውኃ የሚቀዳላቸው ይሻሉ። በደም ካንሰር የታመሙ ወላጅስ ምን ይሻሉ? ከሁሉ አስቀድሞ የሚያስፈልጋቸው ሙቀታቸውን የሚለካ፣ በራቸውን የሚጠብቅና ትኩሳት በተነሣባቸው ሰዓት ሳይውል ሳያድር ሐኪም ፊት የሚያቀርባቸው ልጅ ነው። በደሳን በመሳሰሉ፣ የካንሰር ሕክምና ከሚሰጥባቸው ሆስፒታሎች በራቁ የምዕራብ ሐረርጌ ከተሞች ወላጅ ለሚያስታምሙ ሁሉ ይህ የሕይወትና የሞት ጉዳይ ነው።

ዘበኛው የታመመበት ቤት

የደም ካንሰር የምንለው አንድ በሽታ አይደለም። ዋና ዋናዎቹ ሦስት ናቸው፦ ሉኪሚያ፣ ሊምፎማና ማይሎማ። ደም የሚመረተው በአጥንታችን ውስጥ ባለው መቅኒ ነው። ከዚያ ከሚወጡት መካከል ነጭ የደም ሕዋሳት የሰውነታችን ዘበኞች ናቸው። የደም ካንሰር እነዚህኑ ዘበኞች ያጠቃል። አንዳንዱ ዐይነት የማይሠሩ ሕዋሳትን በብዛት እያመረተ ጤነኞቹን ቦታ ያሳጣቸዋል። ማይሎማ ደግሞ ተሕዋስያንን የሚዋጋውን ፀረ እንግዳ አካል የሚሠሩትን ሕዋሳት ያበላሻል።

ካንሰሩን ለመግታት የሚሰጠው ኬሞቴራፒ የተባለው መድኃኒትም መጥፎውን ከደጉ ሙሉ በሙሉ አይለይም። ስለዚህ ሕመምተኛው መድኃኒቱን ከወሰደ በኋላ፣ በአብዛኛው ከ7ኛው እስከ 14ኛው ቀን ባለው ጊዜ፣ የዘበኞቹ ቁጥር በጣም ይወርዳል። ኒውትሮፊል የሚባሉት ነጭ ሕዋሳት በጤነኛ ሰው አንድ ማይክሮ ሊትር ደም ውስጥ ከ1,500 በላይ ሲሆኑ፣ ከ500 ሲያንሱ ቤቱ ያለ ዘበኛ አደረ ማለት ነው።

ይህን የተረዳ ቤተሰብ ኢንፌክሽኑ ለምን እንደሚመላለስ ይገባዋል። ባለፈው ወር የሳንባ ምች፣ በዚህ ወር የሽንት ቧንቧ፣ ቀጥሎ የአፍ ቁስል ሲከታተል ብዙዎች «መድኃኒቱ አልሠራም»፣ አለያም «ዐይን ነው፤ ሲሕር ነው» ይላሉ። ከሐኪም ወደ አዋቂ፣ ከአዋቂ ወደ ሐኪም ሲመላለሱም ጊዜው ያልፋል። ኢንፌክሽን ማገርሸቱ የዚህ በሽታ ጠባይ ነው። ሦስተኛውና አራተኛው ትኩሳት እንደ መጀመሪያው ሁሉ አስቸኳይ ነው፤ «ለምደነዋል» የሚባልበት ትኩሳት የለም።

ሰዓት የሚቆጠርበት ትኩሳት

ነጭ ሕዋሳቱ የወረዱበት ሰው ኢንፌክሽን ሲገባበት ቁስሉ መግል ላይቋጥር፣ ሳንባው ታምሞም አክታ ላይኖረው ይችላል። መግል የሚሠራው ከነጭ ሕዋሳት ነውና። ብዙ ጊዜ የሚታየው ብቸኛ ምልክት ትኩሳት ነው። አንድ ጊዜ ተለክቶ 38.3 ዲግሪ ከደረሰ፣ ወይም 38 ደርሶ ለአንድ ሰዓት ከቆየ አደጋ ነው። ሐኪሞች የሚከተሉት ደንብ እንዲህ ያለው ሕመምተኛ ሆስፒታል በደረሰ በአንድ ሰዓት ውስጥ በደም ሥር የሚሰጥ አንቲባዮቲክ እንዲጀመርለት ያዛል። ችላ የተባለ ኢንፌክሽን በሰዓታት ውስጥ ወደ ደም ሊሰራጭና የደም ግፊትን ጥሎ ሊገድል ይችላልና ነው።

ስለዚህ በየቤቱ ቴርሞሜትር ይኑር። ሙቀቱ በብብት ወይም በአፍ ይለካ፤ በፊንጢጣ መለካት ግን ራሱ ቁስል ያመጣልና የተከለከለ ነው። ሳይለካ ፓራሲታሞል አይሰጥ፤ ትኩሳቱን ደብቆ በሽታውን ያተርፈዋል። አስፕሪንና ዳይክሎፌናክ የመሳሰሉትም ደም ሊያስፈስሱ ስለሚችሉ ያለ ሐኪም ፈቃድ አይነኩ።

አንድ ተጨማሪ ነገር እናስተውል። አረጋውያንና ዴክሳሜታዞን ወይም ፕሬድኒሶሎን የሚወስዱ ሕሙማን ኢንፌክሽን ይዟቸው ትኩሳት ላያሳዩ ይችላሉ። ብርድ ብርድ ካላቸው፣ ትንፋሻቸው ከፈጠነ፣ ንግግራቸው ከተዘበራረቀ፣ ሽንታቸው ከቀነሰ ወይም በድንገት ከዛሉ ቴርሞሜትሩ 37 ቢልም እንኳ ጉዞ ነው።

ከበደሳ እስከ ሐረር

አንድ የበደሳ አባት ሕክምናቸውን ሐረር በሚገኘው በሐሮማያ ዩኒቨርሲቲ ሕይወት ፋና ሆስፒታል፣ ወይም አዲስ አበባ በጥቁር አንበሳ ይከታተላሉ እንበል። ከጭሮ እስከ ሐረር 200 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ አዲስ አበባ ደግሞ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። ትኩሳቱ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ቢነሣ ልጆቻቸው ምን ያድርጉ?

ብዙዎች የሚያደርጉት ከሁለት አንዱን ነው። ወይ «ይንጋና ሐረር እንወስዳቸዋለን» ይላሉ፣ ወይ በቅርብ ያለውን ሆስፒታል አልፈው ረጅሙን መንገድ ይጀምራሉ። ሁለቱም ስሕተት ነው። ትክክለኛው መንገድ በአቅራቢያ ያለው ሆስፒታል፣ ጭሮም ሆነ ገለምሶ፣ ደርሶ የመጀመሪያውን አንቲባዮቲክ ማስጀመርና ከዚያ በሪፈር መቀጠል ነው።

ለዚህም ዝግጅቱ ከትኩሳቱ በፊት መሆን አለበት።

አንደኛ፣ ከሚከታተላቸው ሐኪም የተጻፈ ወረቀት ይያዝ። በወረቀቱ ላይ የበሽታው ስም፣ የሚወስዱት መድኃኒት፣ የመጨረሻው ኬሞቴራፒ የተሰጠበት ቀን፣ የመጨረሻው የደም ቆጠራ ውጤት፣ የማይስማማቸው መድኃኒትና የሐኪሙ ስልክ ይኑርበት። ትኩሳት ሲነሣ ምን እንዲደረግ ሐኪሙ በግልጽ ይጻፍበት።

ሁለተኛ፣ በአገራችን ትኩሳት ያለበት ሰው ሲመጣ አስቀድሞ የሚታሰበው ወባ ወይም ታይፎይድ ነው። ምርመራው ይደረግ፤ ሰውየው ወባም ሊይዛቸው ይችላልና። ነገር ግን አንቲባዮቲኩ ውጤት እስኪመጣ እንዳይጠብቅ ልጁ ወረቀቱን አሳይቶ በትሕትና፣ ግን በጥብቅ ያስረዳ። «አባቴ የደም ካንሰር ሕክምና ላይ ናቸው፤ ነጭ የደም ሕዋሳቸው ወርዷል» የምትለው ዐረፍተ ነገር ከካርድ ክፍል ጀምሮ ትነገር።

ሦስተኛ፣ መንገዱ ሩቅ በመሆኑ ከመነሣታቸው በፊት የሚዋጥ መድኃኒት ቤት ውስጥ ማስቀመጥ ይገባ እንደሆን ሐኪሙ አስቀድሞ ይጠየቅ። ከዚህ ውጭ ከጎረቤት የተረፈ አሞክሲሲሊን መዋጥ አያድንም።

አራተኛ፣ በሌሊት የሚነሣ ባለመኪና ቃል ያስገባ፤ የወረዳው አምቡላንስ ስልክ ይያዝ፤ የመንገድ ገንዘብ ለብቻው ይቀመጥ። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባል የሆነ ቤተሰብ የመታወቂያ ደብተሩን አያዘግይ፤ የሪፈር ወረቀቱንም አይርሳ።

ዚያራና በር ጠባቂነት

የታመመን መጠየቅ ሙስሊም በሙስሊም ላይ ካለው ሐቅ አንዱ ነው። በሐረርጌ ደግሞ ዚያራው በብዛት ነው፤ ጎረቤቱ፣ ዘመዱ፣ የጀማዓው ሰው ተሰብስቦ ዱዓ ያደርጋል፤ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ጫት ተይዞ ይመሻል። ዓላማው መልካም ነው። ዘበኛው ለታመመበት ቤት ግን አንድ ጉንፋን የያዘው ጠያቂ አደጋ ነው።

እዚህ ላይ ልጁ ይጨነቃል። እንግዳ ቢመልስ «አባቱን ደበቀ» ይባላል፤ ቢያስገባ አባቱን ይጎዳል። መልሱን ከዲናችን እናገኘዋለን። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) የታመሙ ግመሎች ከጤነኞቹ ጋር እንዳይቀላቀሉ አስተምረዋል። ወረርሽኝ ወዳለበት አገር እንዳይገባ፣ ካለበትም እንዳይወጣ አዘዋል። ለግመል የተደረገ ጥንቃቄ ለአባት ሊነፈግ አይገባም። ዱዓው በር ላይ ቆሞም፣ ከሩቅ ሆኖም ይደረሳል። ስለዚህ ጠያቂ አንድ ወይም ሁለት ሆኖ ይግባ፤ እጁን በሳሙና ይታጠብ፤ መሳሳሙ ይቅር፤ መስኮቱ ይከፈት። የሚያስል፣ የሚያስነጥስ፣ ኩፍኝ ወይም ጉድፍ የወጣበት ልጅ ያለው ሰው ሰላምታውን በስልክ ያድርስ። የሳንባ ነቀርሳ በአገራችን ብዙ በመሆኑ ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ የሚያስል የቤተሰብ አባል ሳይመረመር አጠገባቸው አይተኛ። ይህንን በጁሙዓ ኹጥባ ላይ ኢማሙ ቢያስረዱ ልጁ ከሐሜት፣ አባትም ከአደጋ ይድናሉ።

ገበታው፣ ጫቱና ሒጃማው

ጥሬ ሥጋና ያልበሰለ ክትፎ፣ ያልፈላ የላም ወይም የግመል ወተት፣ ያልታጠበ አትክልትና ያደረ ምግብ ከገበታቸው ይውጡ። ውኃው ይፍላ። ጫትን በተመለከተ ብዙ አረጋውያን አይተዉትም፤ ነገር ግን ያልታጠበ ቅጠል ለሰዓታት በአፍ ይዞ መቆየት፣ የተረጨበት ፀረ ተባይና የድድ ቁስል ሲጨመርበት፣ ኢንፌክሽን የሚገባበት በር ነው። ይህንን ሐኪሙ ራሱ ቢነግራቸው ይሰሙታል።

አፋቸው ሁልጊዜ ንጹሕ ይሁን። ጠንካራ መፋቂያ ድዱን የሚያደማ ከሆነ ለስላሳ ብሩሽ ይተካው። ሒጃማ በዲናችን የታወቀ ሕክምና ቢሆንም፣ ደም የሚያረጉ ሕዋሳቱና ነጭ ሕዋሳቱ ለወረዱበት ሰው ቆዳን መብጣት የማይቆም መድማትና ኢንፌክሽን ሊያመጣ ስለሚችል ይቅር። ጥርስ ማስነቀልም ሐኪሙ ሳያውቅ አይደረግ። የጉንፋንና የሳንባ ምች ክትባት ለሕመምተኛውም ለአስታማሚውም ይጠቅም እንደሆን ይጠየቅ፤ በሕይወት ባሉ ተሕዋስያን የተሠራ ክትባት ግን ለሕመምተኛው አይሰጥም።

በረመዷን ወላጆች መፈሰክ ይከብዳቸዋል። ሕመምተኛ እንዲያፈጥር ፈቃዱን የሰጠው አላህ ራሱ ነው። ሕመሙ የሚለቀው ሰው በኋላ ቀዳ ያወጣል፤ የማይለቀው በየቀኑ ምስኪን ያበላል። ይህን የሰፈሩ ዓሊም ቢነግሯቸው ከልጅ ቃል ይበልጥ ይቀበሉታል።

አስታማሚውም ሰው ነው

በብዙ ቤት ሸክሙ በአንዲት ሴት ልጅ ወይም በምራት ላይ ይወድቃል። ሌሎቹ ወንድሞች ከጅዳም ሆነ ከአዲስ አበባ ገንዘብ ልከው ግዴታቸውን የጨረሱ ይመስላቸዋል። ገንዘቡ ያስፈልጋል፤ ሌሊቱን ግን ገንዘብ አይነቃም። የወላጅ ሐቅ በልጆች ሁሉ ላይ ነው። ተራ ይውጣ፤ የሙቀቱ ልክና የመድኃኒቱ ሰዓት በደብተር ይጻፍ፤ ተረኛው ሲቀየር ደብተሩ ይረከብ። ደም ሲያስፈልግም ጤነኛ ልጆችና ጎረቤቶች ይለግሱ፤ ጤነኛ ሰው በየሦስት ወሩ መለገስ ይችላል።

ወላጅ «ይብቃኝ፤ ከቤቴ አታውጡኝ» የሚሉበት ቀን ሊመጣ ይችላል። ማስታመም ማስገደድ አይደለምና ቃላቸው ይከበር። ነገር ግን ይህ ውይይት በትኩሳት ሌሊት ሳይሆን ደኅና በሆኑበት ቀን፣ ሐኪሙ ባለበት ይደረግ። ለምን እንዳሉት ይጠየቁ። አንዳንድ ጊዜ የሰለቻቸው ሕይወቱ ሳይሆን መርፌው፣ ወይም የልጆቻቸው ወጪ ነው። ተስፋም አለ። ሥር የሰደደ ማየሎይድ ሉኪሚያ በሚባለው ዐይነት የተያዙ ሰዎች እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር በ2001 አሜሪካ ውስጥ የተፈቀደውን ኢማቲኒብ የተባለ እንክብል እየዋጡ ለብዙ ዓመታት ይኖራሉ፤ በጥቁር አንበሳም ሕሙማን በእርዳታ ፕሮግራም በነፃ ሲያገኙት ቆይተዋል።

ከጀማዓው የሚጠበቀው

በአገራችን ከአንድ አባት ሐዘን የተነሣ በጎ ሥራ አለ። አቶ ወንዱ በቀለ ትንሹን ልጃቸውን ማቲዎስን ሉኪሚያ ከነጠቃቸው በኋላ በ2004 እ.ኤ.አ. በልጃቸው ስም የካንሰር ማኅበር አቋቋሙ። ማኅበሩ ከክፍለ ሀገር ለሕክምና ወደ አዲስ አበባ የሚመጡ ችግረኛ ሕሙማንን ያስጠልላል። አንድ ሰው ይህን ከጀመረ፣ የበደሳና የጭሮ መስጊዶችና ዕድሮች በሌሊት ለሚነሣ ሕመምተኛ የመኪና ገንዘብ ማስቀመጥ አያቅታቸውም። ለቀብር ሁላችንም እንደርሳለን፤ ለትኩሳቱ ሌሊት ብንደርስ ደግሞ ቀብሩ ሊዘገይ ይችላል።

ሽፋእ ከአላህ ነው፤ ሰበቡን ማድረስ ግን ከእኛ ነው። አላህ (ሱ.ወ) ለታመሙ ወላጆቻችን ሽፋውን፣ ለሚያስታምሟቸው ሶብሩን ይስጥልን። ኣሚን።