ሃምሳ ሎሚና አንድ ዶነር

እንደሚታወቀው የበጎ አድራጎት ድርጅት ሲነሣ ለብዙዎቻችን ቀድሞ የሚታየን ተረጂው ነው። በዚህች አጭር ጽሑፍ ግን ስለ ሰጪው፣ በተለይም አንድ ድርጅት በስንት ሰጪ ላይ እንደቆመ ላነሣ እወዳለሁ። ሰጪው እጁን ሲሰበስብ መጀመሪያ የሚጎዳው ያው ተረጂው ነውና።

ይህን በአገራችን ሁለት ጊዜ በግልጽ አይተናል። አዋጅ ቁጥር 621/2001 በሰብዓዊ መብት፣ በጾታ እኩልነት፣ በሕፃናትና በአካል ጉዳተኞች መብት ላይ መሥራትን ከውጭ የሚያገኙት ገቢ ከ10 በመቶ ላልበለጠ የኢትዮጵያ ድርጅቶች ብቻ ፈቀደ። በ2002 ዓ.ም. የኢሰመጉና የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር የባንክ ሒሳብ ታገደ፤ ሁለቱም ሠራተኞቻቸውን ለመቀነስ ተገደዱ። የ10 በመቶው ገደብ የቀረው ሕጉ በአዋጅ ቁጥር 1113/2011 ሲተካ ነው። ሁለተኛው የመጣው ከውጭ ነው። በጥር 2017 ዓ.ም. የአሜሪካ መንግሥት የውጭ ዕርዳታውን ለ90 ቀን አቆመ፤ በሰኔ ወር ደግሞ ዩኤስኤአይዲ ራሱ ተዘጋ። በእሱ ገንዘብ ብቻ ይሠሩ የነበሩ ፕሮጀክቶች ባሉበት ቆሙ።

ታዲያ መፍትሔው ሌላ ትልቅ ዶነር መፈለግ ነው? እኔ እንደሚመስለኝ አይደለም። በፕሮፖዛል የሚገኝ ገንዘብ አብዛኛውን ጊዜ በውል የታሰረ ነው። ለውኃ ጉድጓድ የተሰጠ ብር የጥበቃ ደመወዝ አይከፈልበትም። መቶ ሰዎች በየወሩ 50 ብር ቢያዋጡ ግን 5,000 ብር ይሆናል። ትንሽ ነው፤ ሆኖም ዶነሩ በሄደ ማግስት ለቢሮ ኪራይ የሚደርሰው እሱ ነው። አንዱ ቢያቋርጥ እንኳ 99ኙ አሉ። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የተባለው ለዚህ ነው።

ብዙ ሰው መስጠቱን እንዲቀጥል የሚያደርገው ግን ልመና ሳይሆን ሒሳብ ነው። ዕድርን እንመልከት። ዕድርተኛው ሰጪም ተቀባይም ስለሆነ ገንዘብ ያዡን ፊት ለፊት ይጠይቃል። ለድርጅት የሚሰጥ ሰው ግን ብሩ የት እንደደረሰ በዓይኑ አያይም። ደረሰኝ፣ ኦዲትና በሰዓቱ የሚወጣ ሪፖርት ዓይን ይሆኑለታል። እነዚህ ደግሞ ወጪ አላቸው። አዋጅ 1113/2011 አስተዳደራዊ ወጪ ከድርጅቱ ጠቅላላ ገቢ ከ20 በመቶ እንዳይበልጥ ደነገገ እንጂ አልከለከለውም። ስለዚህ «አንዲት ሳንቲም ሳትቀር ለተረጂው» የሚል ማስታወቂያ ስሰማ ቶሎ አላጨበጭብም፤ ሒሳቡን ማን ይዞት ነው እላለሁ።

እኛ ነገ ማይክራፎን ይዘን የቼክ ርክክብ ልንዘግብ የምንሄድ ነን። ዜናው «ይህን ያህል ሚሊዮን ብር ተለገሰ» ብሎ ካለቀ ግማሹ ቀርቷል። ቢያንስ አራት ጥያቄዎች ይዘን እንሂድ፦ የድርጅቱ ሰጪዎች ስንት ናቸው? የትልቁ ሰጪ ድርሻ ምን ያህል ነው? በውል ያልታሰረው ገንዘብ ለስንት ወር ያቆየዋል? ያለፈውን ዓመት ሒሳብ ማን መረመረው? መልሱ ጥሩ ከሆነ ለድርጅቱ ከማንኛውም ማስታወቂያ ይበልጥለታል። ካልሆነም ተረጂው ሜዳ ላይ ከመቅረቱ በፊት ሕዝብ ያውቀዋል።