ማድ ቤትን ከሳሎን ማዋሐድ፦ የምጣዱ ቦታ ጥያቄ

በአዲስ አበባ በብዙ ነባር የጭቃ ቤቶች ማድ ቤቱ ከዋናው ቤት ተነጥሎ በጓሮ ይሠራ ነበር። ዓላማው የማገዶ ጢስን፣ የቁሌት ሽታንና የእሳት አደጋን ከመኖሪያው ማራቅ ነው። ይኸው ርቀት ግን ምግብ የምታበስለውን ሴት ከቤተሰቡና ከእንግዳው ጨዋታ ለይቷታል። ማድ ቤቱን ወደ ውስጥ አስገብቶ ከሳሎን ጋር የሚያዋሕደው እድሳት ይህን መለያየት ለማስቀረት ያለመ ነው።

የኤሌክትሪክ ምጣድ ጢሱን ቢያስቀርም እንፋሎቱን አያስቀርም፤ 3.5 ኪሎ ዋት ገደማ ኃይል ስለሚስብም የራሱ መስመር ያሻዋል። በዚህ ምክንያት ምጣዱና ቁሌቱ በጓሮ ከቀሩ፣ አዲሱ ክፍት ማድ ቤት ሻይ ከማፍላት አያልፍም፤ ከባዱ ሥራና ሠሪዋ እንደ ቀድሞው ከግድግዳ ጀርባ ይቀራሉ።

ስለዚህ ንድፉ ከምጣዱ ቦታ ሊጀምር ይገባል፤ ይኸውም በውጭ ግድግዳ በኩል፣ መስኮትና የእንፋሎት መሳቢያ ባለበት ነው። ግድግዳ ሲከፈትም ጣሪያውን የተሸከሙት የእንጨት ቋሚዎች እንጂ በመካከላቸው የተመረገው ጭቃ አለመሆኑ ሊታወቅ ይገባል፤ ጭቃው ሊነሣ ይችላል፣ ቋሚው ግን ምትክ ተሸካሚ ሳይቆምለት አይነሣም። የእድሳቱ ስኬት የሚለካው በክፍሉ ስፋት ሳይሆን፣ እንጀራ ጋጋሪዋ ከሥራዋ ሳትነሣ ከቤተሰቡ ጋር ለመጨዋወት በመቻሏ ነው።